ቤት ውስጥ አይፏጭም

ወንድሜ ረድዋን ልጁን ሾዋክ መናኸሪያ ረስቷት የመጣ ዕለት እኔ ሱቄ ቁጭ ብዬ ሚጥሚጣ በወንፊት እነፋ ነበር። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ቅመም የሚገዛ ሁሉ ያውቀኛል። "ረሒማ የቷ ናት?" ብላችሁ ብትጠይቁ "ያቺ ምላሷ ከሚጥሚጣዋ የሚፋጀው" ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው፤ አልጣላቸውም።

ረድዋን ገባና ሰላም አለኝ። ዱካው ላይ ተቀምጦ ላቡን ጠረገ። ብቻውን ነው። ጠዋት የሄደው ሚስቱ ሶፊ ዘንድ ነበር፤ የስድስት ዓመት ልጁን ሳናን፣ የጁምዓን ዕለት ከእኔ ጋር እንድትውል ሊያመጣልኝ።

"ሳናስ?" አልኩት።

"የቷ ሳና?" አለኝ።

ወላሂ፣ ወንፊቱ ከእጄ ወደቀ። እያሾፈ መስሎኝ ዓይኑን አየሁት፤ ባዶ ነው። እኔ ስጮህ፣ ጎረቤቶቼ ሾዋክ ሲደውሉ፣ ፊቱ ቀስ እያለ ተለዋወጠና ትዝ አለው። ማንጎ ገዝቶላት አግዳሚ ላይ አስቀምጧታል። ትኬት ሊቆርጥ ሄደ፣ ቆረጠ፣ ተሳፈረ፣ መጣ። በቃ፣ ይኸው ነው። ልጅቷን አንዲት ሻይ ሻጭ አግኝታ፣ አያቷ እስኪመጡ ዘላቢያ እያበላች አቆየቻት። አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆነችም። ረድዋን ግን ሱቄ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን በጥፊ ሲመታ፣ እጁን ይዤ አብሬው አለቀስኩ።

ይህ ልጅ እኮ እንዲህ አልነበረም! መተማ ሳለን ሰሊጥ ሲያዘራ የሚያህለው የለም። ነፋሱ እምቢ ሲል ሌላው ሥራውን ጥሎ ጥላ ይፈልጋል። ረድዋን ግን ከንፈሩን አሹሎ በረዥሙ ያፏጫል፤ ዝቅ ያለች፣ የማትቸኩል ፉጨት ናት። ነፋስ መጥራት ነው፣ የአውድማ ወግ። ነፋሱ የመጣ እንደሆነ ሁሉም "ረድዋን ጠራው" ይላል፤ የቀረም እንደሆነ እሱ ሳይሰለች ይጠራዋል። ቤት ሲገባ ግን እናታችን፣ አላህ ይማራትና፣ "ቤት ውስጥ አይፏጭም፣ እባብ ትጠራብናለህ!" እያለች ትቆጣው ነበር። እሷ ስታልፍ ቁጣውን እኔ ወረስኩት።

ከዚያ ጦርነቱ መጣና ዘመተ። አጠገቡ የወደቀው መድፍ ጓደኞቹን ሲወስድ እሱን በአካል መለሰልን። ድንበሩን ተሻግሮ፣ በገላባት አድርጎ ገዳሪፍ ደረሰ። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚሉት እሱን ነው፤ በር ጠረቅ ሲል ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ወጥ ላይ ጨው ደጋግሞ ይጨምራል። ወሬ ይጀምርና መሀሉ ላይ "ምን እያልኩ ነበር?" ይላል። ሥራ ያገኛል፣ የተላከበትን ይረሳል፣ ይባረራል። ሶፊም ልጇን ይዛ ሾዋክ እናቷ ዘንድ የገባችው በዚሁ ነው።

የመናኸሪያው ነገር ከተሰማ በኋላ ሽማግሌ ተቀመጠ። የሶፊ እናት ሐጃ ዘምዘም፣ ሴት ሆነው ተፈጠሩ እንጂ ጄኔራል የሚሆኑ ሰው ናቸው። ቶባቸውን ትከሻቸው ላይ ወርወር አድርገው ተነሡ።

"ረድዋንን አልጠላውም" አሉ። "ግን የልጅ ልጄን ለሚረሳ ሰው አደራ አልሰጥም። የሰሊጡ ሥራ ሲያልቅ ፖርት ሱዳን ወንድ ልጄ ዘንድ እንሄዳለን። እስከዚያ ከዳነ ሚስቱም ልጁም እዚሁ ይቀሩለታል። ካልዳነ ግን ሁለቱንም ይዣቸው እሄዳለሁ።"

ሶፊ አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች። ባሏን ትወደዋለች፤ ግን ልጇ አግዳሚ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ በታየቻት ቁጥር እንቅልፍ እምቢ ይላታል። ምን ብዬ ልፍረድባት? ሽማግሌው ሸህ ያዕቁብ "ሐጃ እንዳሉት ይሁን" አሉ። እስከዚያው ልጁን እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በአያቷ ዓይን ሥር ብቻ እንዲያያት ተፈረደ።

እንግዲህ ይዳን ተባለ፤ እንዴት ብሎ ይዳን? ቁርኣን ተቀራለት፤ ለጊዜው ጸጥ ይላል። ኪኒን ዋጠ፤ ቀኑን ሙሉ ተኛ። መጨረሻ ላይ አንዷ ደንበኛዬ ስለ ዶክቶራ ሂያም ነገረችኝ።

ሂያም ሱዳናዊት ናት፤ ከካርቱም ጦርነት የሸሸች። ቤቷን ጥላ ስትወጣ ከንብረቷ ሁሉ መርጣ የያዘችው አንድ ታብሌትና አንድ የጣት መቆንጠጫ ነው። መቆንጠጫው የልብስ መቆንጠጫ ቢያክል ነው። ጣት ይይዛል፣ ገመዱ ታብሌቱ ላይ ይሰካል፣ ከዚያ የልብን አካሄድ በመስመር እየሣለ ያሳያል። ከመስጊዱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ወታደር የነበሩትን ሁሉ ሱዳኒ ሐበሻ ሳትል ታያለች። ረድዋን አረብኛው ገና ስለሆነ እኔ ተርጓሚ ሆኜ ገባሁ።

"የወንድምሽ አእምሮ አልጠፋም" አለችኝ። "ልቡ ነው ከዘብ ያልወረደ። ዘብ የቆመ ሰው የሚያዳምጠው ተኩስ ነው፤ ማንጎና አግዳሚ ልብ አይልም። ልብ ያላለውን ደግሞ ከየት ያስታውሰው? ትንፋሹን ሲያረዝም ልቡ ያርፋል፣ ልቡ ሲያርፍ ማስተዋሉ ይመለሳል። ማሽኑ አያድነውም፤ መስታወት ነው። ልቡን እያየ መግራት ይማራል።"

"እሺ፣ ይቆንጠጥ" አልኩ።

ተቆነጠጠ። መስመሩ ሲወጣ የቀጋ እሾህ ነው! ሂያም "እየቆጠርክ ሳብ፣ እየቆጠርክ ቀስ ብለህ ልቀቅ" አለችው። ቆጠረ። እሾሁ ጭራሽ ባሰበት፤ ፊቱ ላብ በላብ ሆነ።

"መቁጠሩ ይቅርብኝ" አለ። "እዚያም እንቆጥር ነበር። መድፉ ከጮኸ ጀምሮ እስኪወድቅ።"

ስተረጉምላት ሂያም ወዲያው ተወችው። ባሕር ዳር ቆመሃል ብለህ አስብ አለችው፤ ባሕር አይቶ አያውቅም። ለስለስ ያለ ዘፈን ከፈተችለት፤ እንቅልፉ መጣ። ጠዋት ጠዋት እየተመላለስን ሳምንታት አለፉ። ድንበሩ ዳር ፋሽጋ እርሻ ላይ ያለው ሰሊጥ መታጨድ ጀመረ፤ ሐጃ ዘምዘም ሻንጣ ገዙ ተባለ። ወንድሜ ልጁን ሊያጣ ነው፣ ሂያም ገና በመስመር ትጫወታለች! አንድ ቀን ቱግ አልኩ።

"ተንፍስ እንጂ! ምን ያስቸግራል? ሰው ሁሉ የሚተነፍሰውን!"

"ኻልቲ ረሒማ" አለች ሂያም። አክስቴ ማለቷ ነው፤ ሲመራት ነው እንዲህ የምትለኝ። "እስቲ ነይ፣ አንቺ ተቀመጪ።"

ምን ገዶኝ! ተቀመጥኩ፤ ጣቴን ሰጠሁ። ሱብሃነላህ! የሱ እሾህ ከሆነ የእኔ የእሾህ አጥር ነው። መስመሩ ታብሌቱን በስቶ ሊወጣ ደረሰ። "ይሄ ነገር ተበላሽቷል" አልኩ፤ ስናገር ደግሞ ብሶበት ዘለለ።

ረድዋን ታብሌቱን አየ፣ እኔን አየ። "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" አለ። ቀጠለና "እታለም፣ አንቺ የዘመትሽው የት ግንባር ነው?" አለኝ።

"የሚጥሚጣ ግንባር!" አልኩት።

ሳቀ። እግሩን እየመታ ሳቀ። ከጦርነቱ ወዲህ የሱን ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሂያም ምን እንደተባባልን ጠይቃኝ ስተረጉምላት እሷም ቶቧን አፏ ላይ ይዛ ተንከተከተች። ጣቴ ያሳፈረኝን ያህል ሳቁ ካሰኝ።

ሳቃችን ሳያልቅ መብራት ሄደ። ማራገቢያው ቆመ፤ ያች ክፍል በአንዴ ምድጃ ሆነች። ታብሌቱ በባትሪው ይሠራል፤ ሂያም መቆንጠጫውን መልሳ ረድዋን ጣት ላይ አደረገችና ውሃ ልትቀዳ ዞረች። እሱ በመስኮት ያያል። ውጭ ያለው የኒም ዛፍ አንድ ቅጠል አያነቃንቅም። ያን ጊዜ ከንፈሩ ሾለና ያቺ ዝቅ ያለች፣ የማትቸኩል ፉጨት ወጣች። ማፏጨቱን ራሱም ያወቀው አይመስለኝም።

"ተው!" አልኩ። "ቤት ውስጥ አይፏጭም!"

"ኸሊሁ!" ብላ ሂያም ጮኸችብኝ፤ ተይው ማለቷ ነው። ውሃውን ወለሉ ላይ ደፍታዋለች። በጣቷ ታብሌቱን ታሳየኛለች።

እሾሁ የለም። መስመሩ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ደግሞ ቀስ ብሎ ወጣ። ሰው እንደዚያ ያለ ነገር አይቶ ያለቅሳል? እኔ አለቀስኩ።

"ይሄ የኔ ነው?" አለ ረድዋን፣ ፉጨቱን አቁሞ።

"ያንተ ነው። አትቁም!" አለችው ሂያም በእጇ እየጠቆመች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አስረዳችኝ። ፉጨት ማለት ትንፋሽን በጠባብ በር አድርጎ በረዥሙ ማስወጣት ነው፤ ከመጀመሪያው ጀምራ ስትለምነው የከረመችው ይህንኑ ነው። "ትምህርቱ አፉ ውስጥ ነበር እኮ" አለች፣ "ማን ነው ዝም ያሰኘው?"

እንድተረጉም ትጠብቃለች። ሌላውን ሁሉ ተረጎምኩ፤ ያችን የመጨረሻዋን ዘለልኳት።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሥራ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ያፏጫል፤ መስመሩ ሲረጋ ሂያም የዕቃ ስም ትደረድርለታለች፤ ወሬ አውርታው መልሳ ትጠይቀዋለች። ሲሻለው በሩን ጠረቅ ታደርግበታለች። መጀመሪያ ዘለለ፣ መስመሩም አብሮት ዘለለ። ግን አፏጨና መለሰው። እያደር ታብሌቱን አዞረችበት። "ሳታየው ሥራው" አለች። "ገበያ መሀል ታብሌት የለም። ጣትህን እዚህ፣ መቆንጠጫው በሚይዝህ ቦታ ቆንጥጥና አስታውሰው።" ቤት ደግሞ እኔ ግቢውን ፈቀድኩለት፤ ከመግሪብ በፊት ብቻ፣ ከደጃፉ ወዲያ።

ገበያ ላክሁት፤ ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ ዘይት ብዬ። ሁሉንም አመጣ። በማግስቱ ጨመርኩበት፤ አመጣ። አንድ ቀን ጭራሽ እሱ እኔን "እታለም፣ የሱቁን ቁልፍ በሩ ላይ ረስተሽዋል" ብሎ ሲያቀብለኝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አፌ ግን "ይዤው ልመለስ ነበር" አለ።

ሾዋክ ሲሄድም፣ ሐጃ ዘምዘም ወንበራቸው ላይ ሆነው እያፈጠጡበት፣ ለሳና ነፋስ መጥራት አስተማራት። ልጅቷ የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ስታፏጭ "ፍስስ" ይላል እንጂ ፉጨት አይሆንም። ሁለቱ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ፍስስ ሲሉ ይውላሉ።

የሰሊጡ ሥራ አለቀና ሽማግሌው ሾዋክ፣ ሐጃ ቤት ዳግም ተቀመጠ። ሻንጣዎቹ ታስረው በር ላይ ተደርድረዋል። ሐጃ ዘምዘም ተነሡ።

"ዳነ ትላላችሁ። ሰውዬው ያፏጫል! ቆሞ ያፏጫል፣ ተቀምጦ ያፏጫል። አሁን ደግሞ ሴት ልጅ ማፏጨት ያስተምራል! ጤነኛ ሰው ይሄን ያደርጋል?"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔ አፌን ልከፍት ስል ረድዋን ክንዴን ያዝ አደረገኝ። "ሐጃ" አለ፣ "ነፋስ ስጠራ ልቤ ትረጋለች። ልቤ ስትረጋ ልጄን አልረሳም። ሌላ መድኃኒት የለኝም።"

ሸህ ያዕቁብ ጢማቸውን ዳሰሱ። "ነፋስ እንኳ እኔም በጉብዝናዬ ስንቱን ጠርቼዋለሁ፣ ነውር የለበትም" አሉ። "ወሬ ይብቃ። ልጁን ይዞ ገበያ ይሂድ። ለመሄድም ለመቅረትም ጫማ ያስፈልጋታል፤ ጫማ ገዝቶ ይመልሳት። ያኔ እንፈርዳለን።"

"እኔ ከኋላ እከተላለሁ" አሉ ሐጃ።

"እኔም!" አልኩ።

ወጣን። የሾዋክ ገበያ የገበያ ቀን እንዴት እንደሚሆን መቼም ታውቃላችሁ፤ ሰው በሰው ላይ ነው። ረድዋን የልጁን እጅ ይዞ ከፊት፣ እኔና ሐጃ ከኋላ። መንገዱን ሙሉ ተነታረክን። "ቀኝ እጇን ይያዛት እንጂ" ይላሉ፤ "ግራውም እጅ ነው" እላለሁ። እሱ ዞር ብሎም አላየን። ጫማ ተራ ደረሰ፣ ልጁን ጠረጴዛው ዳር አቁሞ አንዱን ጫማ አደረገላት፤ ልክ ሆናት። ሁለተኛውን ሲያነሣ ነው ጉዱ የመጣው።

ማሽላ የጫነ የጭነት መኪና ጎማው ፈነዳ።

ጎማ መሆኑን አሁን ነው የምናገረው። ያን ጊዜ ማን ጎማ አለው? እዚያ ገበያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ከአንድ ጦርነት የሸሸ ነው፤ ግማሹ ከሁለት። ሁሉም በአንዴ ሮጠ። ጠረጴዛ ተገለበጠ፣ አቧራው ሰማይ ደረሰ። እኔ ጆንያ ኋላ ተወትፌ ራሴን አገኘሁት፤ እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። በጆንያዎቹ መሀል ረድዋንን አየሁት። ተንበርክኳል። ፊቱ አመድ መስሏል። እጁ ላይ ልጅ የለችም። ዓይኑ ያ ሱቄ ውስጥ ያየሁት ባዶ ዓይን ነው።

"አለቀ" አልኩ። "ልጁን አጣ፣ አለቀ።"

ያኔ ቀኝ እጁ ቀስ ብሎ የግራውን ጣት ጫፍ ቆነጠጠ። ከንፈሩ ሾለ። መጀመሪያ ድምፅ የለም፤ አየር ብቻ። ደግሞ ሞከረ። ወጣች! ያን ሁሉ ጩኸት ሰንጥቃ ያች ዝቅ ያለች ፉጨት ወጣች። ሁሉም ይጮኻል፣ ሁሉም ይሮጣል፤ እዚያ ገበያ የማይቸኩለው እሱ ብቻ ነበር። አፏጨ፣ አዳመጠ። ደግሞ አፏጨ፣ አዳመጠ።

"ፍስስ" አለ ከአንድ ጨርቅ ሻጭ ጠረጴዛ ሥር።

"ፍስስ" አለ ደግሞ።

ሳና በአንድ እግሯ አዲስ ጫማ፣ በአንዱ ባዶ እግሯን፣ በእምብርክኳ ወጣች። አባቷ ዘንድ ደርሳ ደረቱ ውስጥ ገባች። እኔ ጆንያውን እየገፋሁ፣ ሻርፔ የት እንደወደቀ ሳላውቅ ሮጥኩ። አንቄ ሳምኳቸው። "እንሂድ! ቶሎ እንሂድ!" እያልኩ እጁን እጎትታለሁ፤ እሱ ንቅንቅ አይልም። ከእግር እስከ ራሴ አየኝ፣ ደህና መሆኔን አረጋገጠ። ዓይኑን ገበያው ላይ አዟዟረ።

"ሐጃስ?" አለኝ።

"የቷ ሐጃ?" አልኩት።

ወላሂ እንዲህ አልኩ! ከዚህች አፌ ወጣ። ያን ሁሉ መንገድ አብረውኝ የተነታረኩትን ሴትዮ! ረድዋን ትንሽ አየኝ። አልሳቀብኝም። የሳናን እጅ እጄ ላይ አድርጎ "ያዣት፣ እዚህ ቁሙ" አለና ሄደ።

ሐጃ ዘምዘምን ያገኛቸው ከቆምንበት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ከተገለበጠው ሻይ ቤት አጠገብ ነው። ቶባቸው የጋሪ ጎማ ሥር ተይዟል፤ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ይንቀጠቀጣሉ። ጄኔራሏ! ረድዋን ጎማውን ገፍቶ ቶባቸውን አስለቀቀ፤ አጠገባቸው ቁጭ አለ።

"ሐጃ፣ ጎማ ነው። ጎማ ነው የፈነዳው። ከእኔ ጋር ይተንፍሱ፣ ሲያስወጡ ቀስ ብለው። አፍዎን እንዲህ ያድርጉ።"

አደረጉ። በአላህ ስም እምላለሁ፣ ሐጃ ዘምዘም ሾዋክ ገበያ መሀል ቁጭ ብለው ከንፈራቸውን አሾሉ። ፉጨት እንኳ አልወጣቸውም፤ የወጣው ምራቅ ነው። ግን እጃቸው መንቀጥቀጡን ተወ። ረድዋን ደግፎ አስነሣቸው። ሳና ስታያቸው "ፍስስ" አለች፣ እሳቸውም "ፍ" አሉ።

ስንመለስ ሽማግሌዎቹ ፍንዳታውን ሰምተው በር ላይ ቆመዋል። ሶፊ ሮጣ ልጇን አቀፈቻት። ሸህ ያዕቁብ "ምን ተፈጠረ?" አሉ። እኔ ልናገር ስል ሐጃ ዘምዘም በክንዳቸው ገፋ አድርገውኝ ወደ ፊት ወጡ።

"ሁላችንም ጠፍተን ነበር" አሉ። "ልጅቷም፣ እኔም፣ ይቺም ሚጥሚጣ። ረድዋን አንድም ሳይረሳ ሁላችንንም ለቅሞ አመጣን።" ወደ ሻንጣዎቹ ዞሩ። "ሶፊ፣ ፍቺያቸው። ከባልሽ ወዴት ትሄጃለሽ?"

ሶፊ እልል አለች፤ እኔም ተቀበልኳት፤ ጎረቤቱ ምን እንደሆነ ሳያውቅ እልል አለ። ረድዋን ማንንም አላየም፤ ተንበርክኮ ለሳና ሁለተኛውን ጫማ እያደረገላት ነበር። ያን ሁሉ ግርግር አልፎ ጫማዋን ኪሱ ውስጥ ይዞት መጥቷል።

ያን ዕለት ሐጃ ቤት ምሳ ተበላ። ክፍሉ ጢም ብሏል፣ መብራት የለም፣ ማራገቢያው ቆሟል፣ ሁላችንም በላብ ተጠምቀናል። ሐጃ ዘምዘም በቶባቸው ጫፍ ፊታቸውን እያራገቡ "ረድዋን፣ ልጄ፣ በዚህ ሙቀት ማለቃችን ነው" አሉ። "እስቲ ጥራው።"

ረድዋን ከንፈሩን አሾለና ቆም አለ። "ሐጃ፣ ቤት ውስጥ ነን እኮ" አለ። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ሶፊም ዞረች፣ ሸህ ያዕቁብም ዞሩ፣ ሳናም በወለቀው ጥርሷ እየሳቀች ዞረች።

"ምን ታፈጥጡብኛላችሁ?" አልኩ እንባዬን እየጠረግሁ። "ጥራው ተብለሃል አይደል? ጥራው!"